የሥራ ቋንቋና የሆድ ቋንቋ፦ የፊሊፒንስ ታዳጊዎች እንግሊዝኛንና ፊሊፒኖን እንዴት ያዩዋቸዋል?

ማኒላ ውስጥ የሚኖር አንድ የ15 ዓመት ልጅ እናስብ። ጠዋት ከእናቱ ጋር በፊሊፒኖ ያወራል። ትምህርት ቤት ሲደርስ ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ ይማራል። የኅብረተሰብ ትምህርት ሲገባ እንደገና ወደ ፊሊፒኖ ይመለሳል። እረፍት ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሁለቱን እየቀላቀለ ይንጫጫል። በር ላይ የዓሣ ጥብስ ሲገዛ ዋጋውን የሚጠራው ከስፔን በተወረሰ ቁጥር ነው፤ 20 ፒሶን "ቤንቴ" ይላታል። ማታ ስልኩ ላይ ጌም ሲከፍት ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃል።

ይህን ልጅ "የትኛውን ቋንቋ ትወዳለህ?" ብትሉት መልሱ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል። እንግሊዝኛ ይጠቅመኛል ይላል። ፊሊፒኖ የራሴ ነው ይላል። የፊሊፒኖ ክፍለ ጊዜ ግን ይሰለቸኛል፣ ይከብደኛልም ይላል። እንግሊዝኛ የሚያንበለብለውን የክፍል ጓደኛውን ደግሞ ጉረኛ ይለዋል። ልጁ አልዋሸም፤ መልሶቹ ሁሉ እውነት ናቸው። እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ነው እዚህ የምናየው።

ጉዳዩ አሁን መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2024 ፊሊፒንስ የትምህርት ቋንቋዋን የሚመለከት አዲስ ሕግ አወጣች። ሕጉ ትናንሽ ልጆች በምን ቋንቋ እንደሚማሩ ይወስናል። ክርክሩ አልበረደም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊሊፒኖ ከታጋሎግ ይለያል?

ይህ ብዙ ሰው የሚያደናግረው ነገር ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

ፊሊፒንስ ከ7,600 በላይ ደሴቶች ያሏት፣ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 109 ሚሊዮን ሰው የተመዘገበባት አገር ናት። ከ170 በላይ ቋንቋዎች ይነገሩባታል። ታጋሎግ ከነዚህ አንዱ ነው፤ የማኒላና የአካባቢዋ ሰዎች ቋንቋ ነው። ሌሎች ትልልቅ ቋንቋዎችም አሉ፦ ሴቡዋኖ፣ ኢሎካኖ፣ ሂሊጋይኖን እና ሌሎችም።

በ1937 ፕሬዚዳንት ማኑኤል ኬሶን አገሪቱ የምትገነባው ብሔራዊ ቋንቋ በታጋሎግ ላይ እንዲመሠረት አወጁ። ሌሎቹ ሕዝቦች "የማኒላን ቋንቋ ጫናችሁብን" ብለው ቅር ተሰኙ። ቅሬታውን ለማብረድ ይመስላል፣ በ1959 ስሙ "ፒሊፒኖ" ተባለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት "ፊሊፒኖ" አለውና ብሔራዊ ቋንቋ አደረገው። ከአገሪቱ ሌሎች ቋንቋዎችም እየወሰደ እንዲያድግ ተጻፈ። የመንግሥት የሥራ ቋንቋዎች ግን ሁለት ሆኑ፤ ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ።

በወረቀት ላይ እንግዲህ ፊሊፒኖ የሁሉም ነው። በአፍ ሲነገር ግን ሰዋስውም ቃላቱም አብዛኛው ታጋሎግ ነው። ስለዚህ የማኒላ ልጅ ፊሊፒኖ የሚለው የእናቱን ቋንቋ ነው። ሴቡዋኖ የሚነገርባት የሴቡ ደሴት ልጅ ፊሊፒኖ የሚለው ደግሞ ከቴሌቪዥንና ከመምህር የተማረውን ነው። ወደዚህ ልጅ ኋላ እንመለሳለን።

እንግሊዝኛ እንዴት ይህን ያህል ሥር ሰደደ?

ስፔን ፊሊፒንስን ከ300 ዓመት በላይ ገዝታለች። ሆኖም ስፓኒሽ ወደ ሰፊው ሕዝብ አልወረደም። ካህናቱ ወንጌልን የሚሰብኩት የአካባቢውን ቋንቋ ተምረው ነበር። ስፓኒሽ የጥቂት ሀብታሞችና የተማሩ ሰዎች ቋንቋ ሆኖ ቀረ።

በ1898 አሜሪካ ስፔንን አሸንፋ ደሴቶቹን በ20 ሚሊዮን ዶላር ተረከበች። አሜሪካውያኑ ሌላ መንገድ መረጡ። ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ትምህርቱንም በእንግሊዝኛ አደረጉት። በነሐሴ 1901 "ቶማስ" የምትባል መርከብ ወደ 500 የሚጠጉ አሜሪካውያን መምህራንን ጭና ማኒላ ደረሰች። በመርከቧ ስም "ቶማሳይት" እየተባሉ ይጠራሉ። እነዚህ ሰዎች እስከ ገጠር ድረስ ተበተኑ። ስፔን በሦስት ምዕተ ዓመት ያላደረገችውን እንግሊዝኛ በአንድ ትውልድ አደረገው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እንግሊዝኛ የገባው በትምህርት ቤት በር ነው። በገበያ ወይም በጋብቻ አይደለም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው "እንግሊዝኛ የሚያውቅ" እና "የተማረ" አንድ ነገር ሆኑ። ዛሬ የአንድ ታዳጊ አመለካከት የምንለው ነገር ሥሩ እዚህ ድረስ ይወርዳል።

በ1974 መንግሥት ትምህርቶቹን ለሁለት ከፈላቸው። ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ፣ የኅብረተሰብ ትምህርትና የመሳሰሉት በብሔራዊው ቋንቋ እንዲሰጡ ተወሰነ። ያኔ ፍትሐዊ ሳይመስል አልቀረም። ልጆቹ የተማሩት ግን ከመጽሐፉ በላይ ነው። ኤሌክትሪክ፣ ሕክምናና ኮምፒውተር በእንግሊዝኛ ይኖራሉ። ጀግኖቻችን፣ ባህላችንና ሥነ ምግባራችን በፊሊፒኖ ይኖራሉ። ማንም በቃል ሳይነግራቸው የትኛው ቋንቋ ወደ ፊት፣ የትኛው ወደ ኋላ እንደሚያይ ገባቸው።

"አመለካከት" የሚባለው ነገር እንዴት ይለካል?

ሰውን በቀጥታ መጠየቅ አንዱ መንገድ ነው። ችግሩ ሰው ደግ የሚመስለውን መልስ ይሰጣል። "አገርህን ትወዳለህ?" እንደማለት ነው፤ ማን አልወድም ይላል?

በ1960 ዋላስ ላምበርት የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ካናዳ ውስጥ፣ ሞንትሪያል ላይ አንድ ብልህ ሙከራ ሠራ። ሁለት ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎችን አንድ ጽሑፍ አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በፈረንሳይኛ አስነበበና ቀዳ። ከዚያ ቅጂዎቹን ለተማሪዎች አሰማ። ተማሪዎቹ ሁለቱ ድምፆች የአንድ ሰው መሆናቸውን አያውቁም። "ይህ ሰው ብልህ ይመስላል? ታማኝ? ደግ?" ተብለው ተጠየቁ። ሰውዬው ያው ነው። የተለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር፦ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ተማሪዎች ራሳቸው እንኳ በብዙ መለኪያ ለእንግሊዝኛው ድምፅ የተሻለ ነጥብ ሰጡ። በገዛ ቋንቋቸው ላይ ፈረዱ።

ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች አመለካከትን በሁለት ሚዛን ያዩታል። አንዱ ክብር ነው፤ ይህ ቋንቋ የተማረ፣ የተሳካለት፣ ሥልጣን ያለው ያስመስላል ወይ? ሌላው ቅርበት ነው፤ ይህን የሚናገር ሰው የኔ ነው፣ አምነዋለሁ፣ አብሬው እስቃለሁ እላለሁ ወይ?

የክትና የዘወትር ልብስን አስቡ። የክቱ ለሠርግ፣ ለበዓልና ለቃለ መጠይቅ ይወጣል። ሰው እንዲያየው ትፈልጋላችሁ፤ ግን እንዳይቆሽሽ ትሳቀቃላችሁ። የዘወትሩ ምቹ ነው። ትስቁበታላችሁ፣ ታለቅሱበታላችሁ። ለአብዛኛው የፊሊፒንስ ታዳጊ እንግሊዝኛ የክቱ፣ ፊሊፒኖ የዘወትሩ ነው። ማንም ሰው የክት ልብስ ስላለው የዘወትሩን ጠላ አይባልም። ቋንቋ ላይ ግን ይህን እንረሳለን። እንግሊዝኛ የሚፈልገውን ልጅ "የራሱን ናቀ" ብለን ቶሎ እንፈርዳለን።

እንግሊዝኛን የሚፈልጉት ለምንድን ነው?

ባጭሩ፣ እንጀራ ስለሆነ።

ላምበርትና ባልደረባው ሮበርት ጋርድነር በ1972 ባሳተሙት ጥናት ፊሊፒንስንም አይተው ነበር። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሌላ ቋንቋ የሚሳካለት ተማሪ ብዙ ጊዜ ከቋንቋው ባለቤቶች ጋር መቀራረብ የሚፈልግ ነበር። ፊሊፒንስ ላይ ግን ነገሩ ተለየ። ለሥራና ለኑሮ ይጠቅመኛል ብሎ የሚማረውም በደንብ ይሳካለት ነበር። አሜሪካዊ መሆን ሳያምረው እንግሊዝኛን ጠንቅቆ ያውቃል።

ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ የከተማ ቤተሰብ ይበቃል። ታላቅ እህት ኮል ሴንተር ትሠራለች። አሜሪካ ቀን ሲሆን ማኒላ ሌሊት ነውና ሁሉም ሲተኛ እሷ ትወጣለች። በዚህ የአገልግሎት ዘርፍ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ፊሊፒናውያን ተቀጥረዋል። አጎት መርከበኛ ነው። አክስት ዱባይ ወይም ሪያድ ናት። ውጭ የሚሠሩ ፊሊፒናውያን በዓመት ከ30 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወደ አገራቸው ይልካሉ። ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ እንግሊዝኛ ለምን እንደሚያስፈልግ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም።

እዚህ ላይ እኛንም የሚነካ ነገር አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠሩ እህቶቻችን ያውቁታል። ፊሊፒናዊቷ የቤት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ከኢትዮጵያዊቷ የተሻለ ይከፈላታል። ምክንያቱ ሲጠየቅ "እንግሊዝኛ ስለምትችል፣ ልጆቹን ስለምታስተምር" ይባላል። እውነትነት አለው። ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የፊሊፒንስ መንግሥት በ2006 መጨረሻ ላይ ውጭ ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞቹ ዝቅተኛው የወር ደሞዝ 400 ዶላር እንዲሆን ወስኗል። ከመሄዳቸው በፊት ሥልጠናና የብቃት ምስክር ወረቀት ይጠየቃሉ። ኤምባሲውም ውሉን ይከታተላል። ልዩነቱን ሁሉ ለቋንቋ መስጠት የመንግሥትን ድርሻ መደበቅ ነው። በቋንቋ ማነስ እያፈሩ ለተመለሱ ልጆቻችን ይህ ቢነገራቸው ደስ ይለኛል።

ታዲያ ፊሊፒኖን አይወዱም?

ይወዳሉ። ግን የትኛውን ፊሊፒኖ?

አያቱን የሚያናግርበትን ፊሊፒኖ ይወዳል። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አይከብድም፤ እኛ አንቱታ አለን። ፊሊፒኖም ትልቅ ሰውን በብዙ ቁጥር ያናግራል። ከዚያ በላይ "ፖ" የምትባል ትንሽ የአክብሮት ቃል አለች። በየዐረፍተ ነገሩ ጣል ትደረጋለች። ለጓደኛ "አዎ" ሲባል "ኦኦ" ነው፤ ለአያት ግን "ኦፖ" ይሆናል። ታላቅ ወንድም "ኩያ"፣ ታላቅ እህት "አቴ" ይባላሉ፤ የማያውቁትን የታክሲ ሾፌርም ኩያ ይሉታል። በእንግሊዝኛ ይህ ሁሉ የለም፤ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ቃል ነው። አያትን በእንግሊዝኛ ማናገር አንተ እንደ ማለት የሚከብዳቸው ልጆች አሉ።

የሚቀልድበትን ፊሊፒኖም ይወዳል። በ2017 ገደማ ልጆቹ ቃላትን ገልብጠው መናገር ፋሽን ሆኖላቸው ነበር። "አይዶል" የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል (idol) ሲገለበጥ "ሎዲ" (lodi) ሆነ፤ የማደንቀው ሰው ማለት ነው። የአራዳ ቋንቋ የትም አገር አራዳ ነው፤ ትልልቆች እንዳይሰሙ ይፈጠራል፣ ከዚያ ማስታወቂያ ላይ ይወጣል።

የማይወደው ፊሊፒኖ የመማሪያ መጽሐፉን ነው። ተማሪዎች "ማላሊም" ይሉታል፣ ጥልቅ እንደማለት ነው። ቤት ውስጥ ማንም የማይናገራቸው ቃላት ይሞሉታል። ለምሳሌ ለሒሳብ "ሲፕናያን" የሚል ቃል ተፈጥሮ ነበር። ሕዝቡ ግን "ማት" ማለቱን ቀጠለ። ስለዚህ በአፉ የሚያቀላጥፈው ልጅ በፈተና ወረቀት ላይ ይሰናከላል። አንዳንዱ በፊሊፒኖ ትምህርት የሚያገኘው ውጤት ከእንግሊዝኛው ያንሳል። "በገዛ ቋንቋህ?" ተብሎ ይሰደባል። የወደቀበት ቋንቋ ግን ቤት የሚያወራው አይደለም።

እንግሊዝኛ ለምን ያስፈራል? ለምንስ ያስጎርራል?

ክብር ያለበት ቦታ ሁሉ ፍርሃት አለ። ታዳጊዎቹ ለዚህ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ "ኖዝብሊድ" ይላሉ፣ ነስር ማለት ነው። አንድ ሰው በከባድ እንግሊዝኛ ሲያናግራቸው "ነሰረኝ!" ብለው አፍንጫቸውን ይይዛሉ። አንጎሌ ከአቅሙ በላይ ሠራ ለማለት ነው። ይስቁበታል። ግን ሳቁ መከላከያም ነው። ተሳስቼ ከሚሳቅብኝ ቀድሜ ራሴ ልሳቅ ነው ነገሩ። ሰዋስው የጎደለው እንግሊዝኛ ደግሞ "ካራባው እንግሊዝኛ" ይባላል፤ ካራባው የእርሻ ጎሽ ነው። ይህ ስድብ ገበሬውን ከነቋንቋው የሚያዋርድ ስለሆነ እኔ በበኩሌ ያመኛል።

በሌላው ጫፍ እንግሊዝኛ የዘወትር ልብሳቸው የሆኑ ልጆች አሉ። የሀብታም ሰፈር ልጆች ናቸው፤ በውድ የግል ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ወላጆቻቸውም ከሕፃንነት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው ያናገሯቸው። አነጋገራቸው "ኮንዮ" ይባላል።

በነሐሴ 2011 የአንድ ታዋቂ የማኒላ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ነሐሴ በፊሊፒንስ የብሔራዊ ቋንቋ ወር ነው። ልጁ በቅንነት የጻፈው ይመስላል። እንግሊዝኛ የእውቀት ቋንቋው እንደሆነ፣ ፊሊፒኖ ግን የቤት ሠራተኛውንና ሾፌሩን የሚያናግርበት ቋንቋ እንደሆነ ገለጸ። ፊሊፒኖን "የመንገድ ቋንቋ" ብሎ ጠራው። አገሩ በቁጣ ነደደ። ልጁ ላይ የወረደበት ውርጅብኝ ብዙ ነበር። ነገር ግን የጻፈው ብዙዎች የሚኖሩትን ነው። በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ሁለት ቋንቋ ሲኖር፣ አንዱ ለጌታ ሌላው ለሎሌ ከሆነ፣ ልጅ ያየውን ይማራል።

ስለዚህ "ታዳጊዎች እንግሊዝኛን እንዴት ያዩታል?" ከማለት በፊት "የማን ልጆች?" ማለት ያስፈልጋል። ድሃው መውጫ መሰላል አድርጎ ያየዋል፤ ሀብታሙ ጋ ገና ሲወለድ ቤት ውስጥ ያገኘው ዕቃ ነው። መሐል ያለው ልጅ ብዙ ከተናገረ ጉረኛ ይባላል፤ ካልተናገረ ያልተማረ ይባላል። የምፈራለት ለዚህኛው ነው።

ቀላቅሎ መናገር የስንፍና ምልክት ነው?

ታጋሎግና እንግሊዝኛ ሲቀላቀሉ "ታግሊሽ" ይባላል። መምህራን ይቆጡበታል። ሁለቱንም ቋንቋ በደንብ ያለመቻል ምልክት ነው የሚሉ አሉ።

የቋንቋ ሊቃውንት ግን በዚህ አይስማሙም። ማሪያ ሉርደስ ባውቲስታ የተባሉት ፊሊፒናዊት ምሁር ታግሊሽን ለረጅም ዓመታት አጥንተዋል። ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ሰው ሐሳቡን ቶሎ የሚያደርስለትን ቃል ከየትኛውም ይመርጣል ይላሉ። አሠራሩም ሥርዓት አለው። "ቴክስት" የሚለውን ቃል ይወስዱና ከፊቱ "ናግ" የሚለውን የታጋሎግ ቅጥያ ይለጥፉበታል፤ "ናግቴክስት" ይሆናል፣ ቴክስት ላከ። "ማግድራይቭ" ሲሉ መንዳት ነው። እኛም "ቻርጅ አድርጊው"፣ "ፎርዋርድ አድርግልኝ" ስንል የምንሠራው ይህንኑ ነው። ቃሉ የውጭ፣ ማሰሪያው የኛ።

የሚገርመው፣ የመቀላቀያው አቅጣጫ መደብን ይናገራል። ተራው ታግሊሽ አጥንቱ ታጋሎግ ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃል ይጨመርበታል። የኮንዮው ግን አጥንቱ እንግሊዝኛ ነው። ሌሎቹ ሲቀልዱባቸው "ሌትስ ሜክ ቱሶክ-ቱሶክ ዘ ፊሽ ቦል" ይላሉ፤ የዓሣ ጥብሷን በስንጥር እንውጋት ለማለት ነው። ማንኛውም ታዳጊ ይህን ልዩነት በሁለት ሰከንድ ይለየዋል። ሰውዬው ከየት ሰፈር እንደመጣ፣ የት እንደተማረ፣ ወላጆቹ ምን እንደሚሠሩ ገምቶ ይጨርሳል።

ታግሊሽ ለታዳጊዎቹ ሌላም ጥቅም አለው። ንጹሕ እንግሊዝኛ ጉራ ያስመስላል፤ ንጹሕ ፊሊፒኖ ደግሞ የበዓል ንግግር ያስመስላል። ሁለቱን ሲቀላቅል ዘመናዊም የሰፈር ልጅም መሆን ይችላል። ክብርንም ቅርበትንም በአንድ ዐረፍተ ነገር ይይዛል።

ከማኒላ ውጭ ያለው ልጅስ?

እስካሁን "ሁለት ቋንቋ" ስንል ቆይተናል። ለብዙዎቹ ልጆች ግን ቁጥሩ ሦስት ነው። በ2020 ቆጠራ ቤታቸው ውስጥ ታጋሎግ የሚናገሩ ቤተሰቦች 40 በመቶ ገደማ ናቸው። ሌላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሌላ ቋንቋ ያወራል።

የሴቡ ልጅ የዘወትር ልብሱ ሴቡዋኖ ነው። ለሱ ፊሊፒኖም እንግሊዝኛም ከውጭ የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ "ሁለቱም የኔ ካልሆኑ ዓለምን የሚከፍትልኝን ልምረጥ" ይላሉ። ማኒላ ሄደው ፊሊፒኖ ሲናገሩ በአነጋገር ዘያቸው ይሳቅባቸዋል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሁሉም እኩል እንግዳ ነው። ስለዚህ ከማኒላ ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት የሚመርጥ የሴቡ ሰው ብታዩ ንቀት አይምሰላችሁ። "ኢምፔሪያል ማኒላ" የሚል አባባል አላቸው፤ ዋና ከተማዋ ሁሉን ጠቅልላ ያዘች ለማለት ነው። ቋንቋው በዚያ ቅሬታ ውስጥ ገብቷል። ብዙ ቋንቋ ባለበት አገር ያደገ አንባቢ ይህን ስሜት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የከፋው ደግሞ አለ። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በግቢያቸው ከእንግሊዝኛ ሌላ እንዳይነገር ይከለክላሉ። ያወራ ልጅ ሳንቲም ይቀጣል። በ2013 በሰሜን ፊሊፒንስ፣ ላዎግ ከተማ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች ግቢ ውስጥ በኢሎካኖ አወሩ ተብለው ትምህርት ቤቱን እንዲለቁ ተደረጉ። ኢሎካኖ የዚያው አካባቢ ሕዝብ ቋንቋ ነው። አገሩ ተንጫጫ፣ ባለሥልጣናትም ጉዳዩን ለመመርመር ተነሱ። አዲስ አበባም ውስጥ አማርኛ ስታወራ ተገኘህ ብለው ልጅ የሚቀጡ የግል ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን ወላጆች ያውቃሉ። ቅጣት እንግሊዝኛን ያስተምራል ብዬ አላምንም። ልጁ የሚማረው ከእናቱ አፍ የሚወጣው ቃል ጥፋት እንደሆነ ነው። ይህን ለአንድ ልጅ ማስተማር በደል ነው።

አመለካከቱ ውጤት ላይ ይታያል?

በ2018 ፊሊፒንስ ለመጀመሪያ ጊዜ "ፒሳ" በሚባለው ዓለም አቀፍ የ15 ዓመት ልጆች ፈተና ተካፈለች። ከ79 አገሮችና ግዛቶች በንባብ የመጨረሻ ሆነች። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነበር። ከተፈተኑት ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ቤታቸው የሚያወሩት ሌላ ቋንቋ ነው።

ውጤቱ የድህነትም፣ የመጽሐፍ እጥረትም፣ የታጨቁ ክፍሎችም ነው፤ ቋንቋን ብቻ መውቀስ ትክክል አይሆንም። ሆኖም አንድ ነገር ያሳያል። ልጆቹ እንግሊዝኛን ይፈልጉታል፣ ያከብሩታል። መፈለግ ብቻውን ግን ማንበብ አያስችልም። ከ1901 ጀምሮ "ልጆቹ እንግሊዝኛ ይውደዱ" እየተባለ ተሠራ፤ ተሳካም። ገና ያልተሳካው ማስተማሩ ነው።

አዲሱ ሕግ ምን ለወጠ?

ከ2012 ጀምሮ ፊሊፒንስ ሌላ መንገድ ሞክራ ነበር። ከአጸደ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩ ተባለ፤ በ2013 በሕግ ጸና። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልጅ መጀመሪያ በሚያውቀው ቋንቋ ማንበብ ይልመድ፣ ከዚያ ወደ ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ ይሻገር። በዚሁ ዓመት በከፍተኛ ትምህርት በኩል ሌላ ነገር ተወሰነ። ፊሊፒኖ በዩኒቨርሲቲ ግዴታ የሆነ የትምህርት ዓይነት መሆኑ እንዲቀር ታዘዘ። መምህራን ተቃወሙ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዙን አጸና። ከታች የእናት ቋንቋ ሲገባ ከላይ ፊሊፒኖ ወጣ። እንግሊዝኛ ቦታው ላይ እንዳለ ነው።

የአፍ መፍቻው መርሐ ግብር ችግር አላጣውም። መጽሐፍ በጊዜ አልደረሰም። በአንድ ክፍል አራት ዓይነት ቋንቋ የሚያወሩ ልጆች ያሉበት ከተማ ብዙ ነው። መምህሩ ራሱ የልጆቹን ቋንቋ የማያውቅበት ጊዜም አለ። ወላጆችም "ልጄ የቤቱን ቋንቋ ቤቱ ይማራል፤ ትምህርት ቤት የላክሁት ለእንግሊዝኛ ነው" ይላሉ።

በጥቅምት 2024 ግዴታው ተነሳ። ፕሬዚዳንቱ አልፈረሙበትም፣ አልመለሱትምም፤ የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ራሱ ሕግ ሆነ። ከአጸደ ሕፃናት እስከ ሦስተኛ ክፍል ማስተማሪያው ወደ ፊሊፒኖና እንግሊዝኛ ተመለሰ። የአካባቢ ቋንቋዎች ረዳት ሆኑ። ተማሪዎቹ ሁሉ አንድ ቋንቋ በሚናገሩበት ክፍል ብቻ፣ ትምህርት ቤቱ ከፈለገ፣ በአፍ መፍቻ መቀጠል ይቻላል። ለዚያም ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ቋንቋው የጸደቀ የአጻጻፍ ሥርዓት፣ የተሰነደ መዝገበ ቃላት፣ ማንበቢያ መጽሐፍ፣ የሰዋስው መጽሐፍና የሠለጠነ መምህር ሊኖረው ይገባል። ሴቡዋኖና ኢሎካኖ ይህን ለማሟላት ብዙ አይቸገሩም። በተራራ ላይ በጥቂት ሺህ ሰዎች የሚነገር ቋንቋ ግን የሰዋስው መጽሐፍ የሚጻፍለት መንግሥት በጀት ሲመድብለት ነው። ሕጉን የሚከራከሩበት መምህራንና ወላጆች አሁን ከትምህርት ሚኒስቴር የሚጠብቁት መልስ እዚህ ላይ ነው፤ መጽሐፉን የሚያዘጋጀው ማን ነው? መቼ?